ከወንበር እንጨት የተሠራው ሰገነት

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ጆሮው የደከመም አይስጋ፣ እኔ ጮክ ብዬ ነው የማወራው። የአገሩን ስም ግን አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ እዚያ የሚኖር ዘመድ አለን የምትሉ ትነሡና ነገር ታመጡብኛላችሁ፤ እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ለክርክር የሚሆን ጉልበት የለኝም። ዛፍ የበዛበት አገር ነበር ብላችሁ ያዙልኝ። ከመብዛቱ የተነሣ ወፎቹ መሬት የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቁት በወሬ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር ገንዘብ ማለት ጣውላ ነበር። ገበሬው ግብሩን በግንድ ይከፍላል፤ መንግሥት ግንዱን ያሰነጥቅና ለሹሙም፣ ለወታደሩም፣ ለመምህሩም ደመወዙን በጣውላ ይሰጣል።

ለመምህር የተቆረጠለት በወር ሰባት ጣውላ ነው። በአያቶቻቸው ጊዜ በአንድ ጣውላ በሬ ይገዛ ነበር ይባላል። እኔ የማወራላችሁ ሰው በሸመገለበት ዘመን ግን አንድ ጣውላ የሚያስገኘው የበሬ ጭራ ነው፤ ያውም በሬው ላይ እንዳለ፣ በኪራይ።

የዚያ አገር ትልቁ ሕግ «መምህር አይቀመጥም» የሚል ነው። ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። አንድ የጥንት ንጉሥ ትምህርት ቤት ሊጎበኝ ቢገባ መምህሩ ወንበር ላይ እንቅልፍ ወስዶት አገኘው። መምህሩ ያንቀላፋው ደመወዙ አልበቃ ብሎት ሌሊቱን የሰው ግንድ ሲፈልጥ ስላደረ ነበር፤ ንጉሡ ግን ይህን አልጠየቀም። ጥፋቱ የወንበሩ ነው ብሎ ፈረደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር የሆነ ሁሉ በትምህርት ቤትም፣ በቤቱም፣ በእንግድነት በሄደበትም አርባ ዓመት ሙሉ እንዲቆም ታወጀ። ቆሞ ያስተምራል። ቆሞ ይበላል። ማታ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል። ለቅሶ ቤት ሲሄድ ድንኳኑ መሐል ይቆማል፤ ሐዘንተኛው ምሰሶ እየመሰለው ጋቢውን ይሰቅልበታል።

ይህን የሚቆጣጠር የሱሪ መርማሪ የሚባል ሹም አለ። ሰኞ ሰኞ መምህራኑን በሰልፍ ያቆምና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራቸዋል። ከዚያ የእያንዳንዱን ሱሪ መቀመጫ በመነጽር ይመረምራል። ጨርቁ የሳሳ ወይም ያብረቀረቀ እንደሆነ ሰውዬው በድብቅ ተቀምጧል ማለት ነውና ሁለት ጣውላ ይቀጣል። መርማሪው ራሱ ምርመራውን የሚያካሂደው ባለ ትራስ ወንበር ላይ ሆኖ ነው፤ ከመምህር ወደ መምህር ሲሄድ ሁለት ሎሌ ከነወንበሩ ይሸከመዋል።

ሕጉ ርኅራኄ የለውም እንዳትሉ ደግሞ፤ አለው። አርባ ዓመት የቆመ መምህር በመጨረሻ የራሱ ወንበር ይሰጠዋል፤ እሱ ላይ ብቻ እስኪሞት ይቀመጣል። ለዚህም ሲባል ከሰባቱ ጣውላ አንዱ በየወሩ ይቀነስበታል። ከማስረከቡ በፊት በጋለ ብረት ስሙን ይተኩስበታል፤ ጣውላውም ወንበር ቤት ወደተባለው መጋዘን ይገባል። በአርባ ዓመት አራት መቶ ሰማንያ ጣውላ ይሆናል ማለት ነው። ለአንድ ወንበር አሥራ ሁለት ይበቃል። «የተረፈውስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። «ለእርጅናህ ነው» ይሉታል። በዚያ አገር እርጅና ብዙ እንጨት ይበላል።

እንግዲህ አግደው የሚባል የሒሳብ መምህር ነበር። አርባ ዓመቱን በሞላበት ቀን ሁለት ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጦ ነበር፤ በመንገድ ሲያልፍ አትክልት ነጋዴዎች ዋጋ ይጠይቁት ነበር። የሰፈሩ ወጌሻ ጉልበቱን ነካ ነካ አድርጎ አንገቱን ነቀነቀ።

«ይህ ጉልበት በሃያ ቀን ውስጥ መታጠፍ አለበት» አለው። «ካለዚያ ደርቆ ይቀራል። ሬሳህ እንኳ አይታጠፍም።»

የአግደው ሚስት ወይዘሮ አትጠገብ ይህን እንደሰማች መደቡን በመዳፏ መታ መታ አደረገች።

«ና፣ አሁኑኑ እዚህ ተቀመጥ። ማን ያይሃል?»

«ወንበሩን ሳይረከብ የተቀመጠ መምህር አርባው ዓመት እንደ አዲስ ይቆጠርበታል» አለ አግደው።

«እንግዲያው ቆመህ ሙታ።»

«እሱንማ ሌሎቹም አድርገውታል። ተነሺ፣ ወንበር ቤት እንሂድ።»

የወንበር ቤት ሹም በጅሮንድ ሽታሁን ይባላል። ልጅ ሳለ አግደው ነው ሒሳብ ያስተማረው። መደመር በአንድ ቀን ገባው፤ ማባዛት በሁለት ቀን። ማካፈል ላይ ሲደርስ ግን አግደው ሦስት ዓመት ለፍቶበት ተወው። እንዲህ ያለ ጭንቅላት የት እንደሚሾም መንግሥት ያውቃል።

«የኔታ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለ ሽታሁን ሰባት ትራስ ላይ እንደተቀመጠ። «አርባ ሞላ? ጊዜው እንዴት ይሮጣል እባክዎ።»

«እኔ ቆሜ ስለነበር ሲሮጥ አላየሁትም» አለ አግደው። «ወንበሬን ስጠኝ ልጄ።»

ሽታሁን የመጋዘኑን በር ከፈተ። መጋዘኑ ከዚህ ጫፍ ተጠርቶ ከዚያኛው ጫፍ መልስ ለመስማት ሁለት ቀን የሚፈጅ ነው። ውስጡ አንዲት ጣውላ አልነበረችም። አንዲት አይጥ ነበረች፤ እሷም ቆማ ነበር።

«የት ሄደ?» አለች አትጠገብ።

«የትም አልሄደም እናቴ። በብድር ነው ያለው።»

«ማን ተበደረው?»

«አገር።»

አገር የተበደረው ለሰገነቱ ነው። ንጉሡ ሕዝባቸው እንዴት እንደሚኖር በዓይናቸው ማየት ይወዳሉ። ለዚህም ከተማው መሐል ሰገነት ተሠራላቸው፤ በየዓመቱም አንድ ፎቅ ይጨመርበታል። ከፍ ባሉ ቁጥር የሕዝቡ ችግር እያነሰ ታያቸው፤ ችግሩ ባነሰ ቁጥር ንጉሡ ደስ አላቸው፤ ደስ ባላቸው ቁጥር ፎቅ ጨመሩ። አግደው ጡረታ በወጣበት ዓመት ሠላሳ ዘጠነኛው ፎቅ አልቋል። ለንጉሡ ቁርስ ተብሎ ከታች የተላከ ምግብ እላይ የሚደርሰው ለሌላ ሳምንት እራት ነው። በመምህራን ቀን ንጉሡ ከላይ ሆነው መሐረብ ያውለበልባሉ፤ ከታች ማንም ስለማያያቸው አንድ አዋጅ ነጋሪ አራት ቀን ደረጃ ወርዶ «ንጉሡ መሐረብ አውለብልበውላችኋል» ብሎ ይናገራል። ያን ዓመት ለመምህራን የተደረገው ጭማሪ ይኸው ነበር። የአግደው ቤት ደግሞ ከሰገነቱ ግርጌ፣ ከሜዳው ሣር ማዶ ስለሆነ ከሰገነቱ ጥላ የተነሣ ሠላሳ ዓመት ፀሐይ አላየም፤ ዶሮዎቹ ሁልጊዜ የመሸ እየመሰላቸው እንቁላል መጣል ትተዋል።

«አይዘኑ የኔታ» አለ ሽታሁን። «ሁለት ምርጫ አለዎት። አንደኛው የወንበር ሥዕል ነው፤ ማኅተም ያለበት። ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ብዙ መምህራን ወስደውታል።»

«ሥዕሉ ላይ ይቀመጣል?» አለች አትጠገብ።

«በመንፈስ፣ እናቴ። ሁለተኛው ምርጫ በየተራ መረከብ ነው። ዘንድሮ አንድ እግር፣ የዛሬ አሥር ዓመት ሁለተኛውን እግር፣ እንዲያ እያልን መቀመጫው ላይ እንደርሳለን።»

«መደገፊያውስ?»

«መደገፊያ ለወራሽ ነው።»

አግደው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ወፍራም መዝገብ ጠቆመ። «የእኔ ጣውላ የት እንዳለ በዚህ ውስጥ ተጽፏል?»

ሽታሁን ፊቱ በራ። የሚኮራበት ነገር ቢኖር መዝገቡ ነው። እንጨቱ ይጥፋ እንጂ ጽሑፉ አይጠፋም። ገልጦ ገልጦ ጣቱን አሳረፈ።

«ይኸውና። አራት መቶ ሰማንያ ጣውላ፤ አንዲት አልጎደለችም። ሠላሳ ዘጠነኛው ፎቅ። የኔታ፣ ክብር ነው እኮ፣ ንጉሡ የሚቆሙበት ወለል የእርስዎ ነው።»

«የእኔ ነው?»

«ስምዎ አለበት፤ የማን ሊሆን ነው?»

«እንግዲያው ወጥቼ እላዩ ላይ ልቀመጥ» አለ አግደው። «ሕጉ መምህር በራሱ እንጨት ይቀመጥ ይላል እንጂ እንጨቱ አራት እግር ይኑረው አይልም። ፈቃድ ጻፍልኝ።»

ሽታሁን የአግደውን ጉልበት አየ። ይህ ጉልበት ሠላሳ ዘጠኝ ፎቅ ቀርቶ ሦስት ደረጃ አይወጣም ብሎ አሰበ። ሳቁን እየዋጠ ጻፈ፤ ማኅተሙንም እስኪደማ መታው። በዚያ አገር ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ንጉሡም ቢሆኑ አይሽሩትም። ሽታሁን በሹመት ዘመኑ ከሠራው ስሕተት ትልቁ ይህ ነው፤ ያልተሳሳተባቸው ቀናት ብዙ ባይሆኑም።

አግደው መውጣት ጀመረ። ጉልበቱ ስለማይታጠፍ እግሩን እንደ መቀስ እየከፈተና እየዘጋ በጎን ነው የሚወጣው። አትጠገብ ከኋላ ሆና በትከሻዋ ትገፋዋለች።

«ስንት ቀረን?» ትላለች።

«ሠላሳ አንድ ፎቅ።»

«ስታገባኝ ይህን አልነገርከኝም።»

«ያኔ ሰባት ፎቅ ብቻ ነበር።»

በየፎቁ ግድግዳ ላይ የመምህራን ስም ተተኩሷል። አንዳንዶቹን አግደው ያውቃቸዋል። አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ላይ የመምህር ዳርጌን ስም አገኘ፤ በአንድ ቀን የተቀጠሩ ጓደኛሞች ነበሩ። ዳርጌ ወንበሩን ሲጠብቅ ቆሞ ሞተ፤ ወንበሩን ስላልተረከበም ቆሞ ተቀበረ። ጉድጓዱ ጥልቅ ስለሆነ የመቃብር ቆፋሪዎቹ ተጨማሪ ጣውላ ጠይቀው ከሚስቱ ላይ ወስደዋል። አግደው በስሙ ላይ ያለውን አቧራ በእጅጌው ጠረገ። አትጠገብ ያን ጊዜ አልቀለደችም። ትንሽ ቆሙና መውጣታቸውን ቀጠሉ።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ጫፍ ደረሱ። ንጉሡ በረጅም መነጽር አገራቸውን እያዩ ነበር።

«ማነህ አንተ?» አሉ ዓይናቸውን ከመነጽሩ ሳያነሡ።

«አግደው እባላለሁ ንጉሥ ሆይ። የቆሙብኝ።»

ንጉሡ ወደ ታች አዩ። ቀኝ እግራቸውን አነሡ፤ ከሥሩ «አግደው» ይላል። ግራውን አነሡ፤ እዚያም «አግደው» ይላል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ፤ እዚያም አግደው ነው።

አግደው ፈቃዱን አሳየ። ከዚያ አትጠገብ ብብቱን ይዛ ደግፋው ጉልበቱን አጠፈ። የጉልበቱ ድምፅ በሦስት አውራጃ ተሰማ፤ ሴቶች ዝናብ መጣ ብለው ያሰጡትን እህል አስገቡ። አግደው ከአርባ ዓመት በኋላ ተቀመጠ። አትጠገብ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነጠላዋን ታስተካክል ጀመር።

ዘበኞች መጡ፤ ማኅተሙን ሲያዩ ተመለሱ። ንጉሡ መነጽራቸውን አነሡ፣ አስቀመጡ፣ ደግመው አነሡ።

«ከእግሬ ሥር ሰው ተቀምጦ አገር እንዴት ይታየኛል?» አሉ። «ሽታሁንን ጥሩልኝ።»

ሽታሁን አራት ቀን ወጥቶ እያለከለከ ደረሰ።

«ወንበሩን ስጠውና ከፊቴ አውርድልኝ» አሉ ንጉሡ። «ከምቆምበት ወለል ግን አንዲት ጣውላ ብትነቃነቅ አንተን አነጥፍሃለሁ።»

ሽታሁን አሰበ። ከመምህራን ጣውላ ሰገነቱ ላይ ያልዋለ አልቀረም። ከላይ መንካት አይቻልም። ከመሐል ቢነሣ ይታያል።

«ከታች እንውሰድ ንጉሥ ሆይ» አለ። «ከታች ማን ያያል?»

ከአንደኛው ፎቅ አሥራ ሁለት ጣውላ ተነሣ። ወንበር ተሠራ። አግደው በወንበሩ እንደተቀመጠ አራት ዘበኛ ተሸክሞ አወረደው፤ ደጁ ላይ አኖረው። አትጠገብም ከጎኑ በርጩማዋን አምጥታ ተቀመጠች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ለሽታሁን ጥሩ ነበር። ግን መምህራን ተማሩ። ሠላሳ ዘጠኝ ፎቅ ወጥቶ ንጉሥ ፊት ቁጭ ያለ ሰው ወንበር እንደሚያገኝ አወቁ። በማግስቱ ሁለተኛው መጣ፤ መዝገቡን አስገለጠ፤ ለአንዱ የታተመ ለሁሉም ይታተማል ብሎ ማኅተሙን አስመትቶ ወጣ። ለእሱም ከታች አሥራ ሁለት ጣውላ ተነሣ። ቀጥሎ አምስት ሆነው መጡ፤ ቀጥሎ ሃምሳ። አንደኛው ፎቅ አለቀና ሰገነቱ እንደ ደከመ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ሁለተኛውም አለቀ። ሰገነቱ ባጠረ ቁጥር ለመውጣት ቀለለ፤ ለመውጣት በቀለለ ቁጥር የሚወጣው በዛ። በመጨረሻ የመጡት የዘጠና ዓመቷ መምህርት እንጉዳይ አንድ እግር ብቻ አንሥተው ንጉሡ አጠገብ ደረሱ።

«ይኸው ነው? ለዚህ ነው ሃያ ዓመት የፈራሁት?» አሉ፤ ወንበራቸውን ተቀብለው ሄዱ።

ንጉሡ መውረዳቸውን አላወቁም። እንዴት ያውቃሉ፤ የቆሙበት ወለል አልተነካ። የሚያዩት አገራቸው በየማለዳው ወደ እሳቸው ሲቀርብ ነው።

«ሽታሁን፣ መሬቱ ከፍ እያለ ነው» አሉ አንድ ቀን።

«አገር እያደገ ነው ንጉሥ ሆይ» አለ ሽታሁን።

«ሰዎቹም እየተለቁ ነው።»

«የእድገቱ ውጤት ነው ንጉሥ ሆይ።»

ያ ዓመት በዚያ አገር ታሪክ አገር እጅግ ያደገበት ዓመት ተብሎ ተመዘገበ። ከበሮ ተመታ። አዋጅ ነጋሪው ግን አራት ቀን መውረድ ስለቀረለት ሥራ ፈታ።

እንዲህ ሆኖ ንጉሡ አንድ ማለዳ ሣር ላይ በተነጠፈ ወለል ላይ ቆመው በረጅሙ መነጽራቸው ወደ ፊት አዩ። መነጽሩ ከሠላሳ ዘጠኝ ፎቅ ከተማ ለማየት የተሠራ ነው፤ አግደው ደጁ ላይ የተቀመጠው በሃያ እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ንጉሡ ያዩት ሰማዩን የሞላ አንድ ጉልበት ነበር።

«ይህ ተራራ ምንድን ነው?»

«የመምህር ጉልበት ነው ንጉሥ ሆይ።»

«መምህር ይህን ያህል ወፍሯል?»

ሽታሁን ትንሽ አመነታ። እውነቱን ቢናገር ስለ ሰገነቱም መናገር ሊኖርበት ነው። «ጠግቧል ንጉሥ ሆይ» አለ።

«እንግዲያው ሰባት ጣውላ ምን ያደርግለታል? ጡረታ የወጣው ወንበሩን ይመልስ። በሥራ ያለው በወር አራት ይበቃዋል። በቀረው ሰገነቴን አርባ አድርሱልኝ፤ ይህ ጉልበት አገሩን እየጋረደብኝ ነው።»

ሽታሁን ጻፈ፤ አትሞም ሜዳውን አቋርጦ የአግደው ደጅ ደረሰ። ወሬው ቀድሞት ስለነበር ከትምህርት ቤቱ የመጡ ወጣት መምህራን አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል፤ ስድሳ ይሆናሉ። ከመካከላቸው አርባ ዓመቱን ከጀመረ ሁለት ቀን የሆነው አለ።

«የኔታ፣ ይነሡ» አለ ሽታሁን ወረቀቱን እየዘረጋ። «የንጉሥ አዋጅ በቁም ነው የሚሰማው።»

«ምን ይላል?»

«ወንበሩን ይመልሱ ይላል።»

አግደው የወንበሩን ሁለት ክንድ ያዘ። አትጠገብ ቀና ብላ አየችው።

«አንብበው ልጄ» አለ አግደው። «ቁጭ ብዬም ይሰማኛል።»

ሽታሁን አነበበ። ድምፁ በመሐል ተሰናከለ፤ አራት ጣውላ የሚለው ላይ ሲደርስ ደግሞ ለራሱም የማይሰማ ሆነ። ሲጨርስ ወጣቶቹ መምህራን እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ ሁሉም አግደውን አዩት።

አግደው ጉሮሮውን ጠረገ። አርባ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ክፍል ገብቶ፣ ልጆቹ ብድግ ብለው እጅ ሲነሡት ይላት የነበረችውን ቃል በዚያው ድምፅ አላት።

«ተቀመጡ።»

ስድሳዎቹ መምህራን ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። በጅሮንድ ሽታሁንም ከልጅነት ልማዱ የተነሣ፣ አዋጁን እንደያዘ፣ ምን እንዳደረገ ሳያውቀው ቁጭ አለ።

በዚያ ሜዳ ላይ ከንጉሡ በቀር የቆመ ሰው አልነበረም።